ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ ፋይበርግላስ ጀልባ ምኑ ይጠናከር?

ሰሞኑን ከጎንደርና ከጎርጎራ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አሮጌ ጀልባን ስለማጠናከር በመሆናቸው አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ በንግድ መርከብ ላይ በመካኒክነት እሠራለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ ባለ ሸራ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቼ ውቅያኖስ ላቋርጥበት አስቤአለሁ። ውስጡን በሙሉ ተጨማሪ ፋይበርግላስ ላልብሰው?

መልስ፦ አልመክርዎትም። የዚያ ዘመን ጀልባ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው፤ የሚደክመው መገጣጠሚያው ነው። ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶች ጉተታ፣ ገመዶቹ በታሰሩባቸው የብረት ሰሌዳዎች በኩል አልፎ፣ ጀልባውን ከውስጥ በሚከፍሉት የጣውላ ግድግዳዎች ላይ ያርፋል፤ ጣውላውን ከጀልባው ጎን ጋር ያያያዘው የፋይበርግላስ ማሰሪያ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይላቀቃል። የማሰሪያውን ጠርዝ በቢላዋ ጫፍ ይሞክሩት፤ ስለቱ ሥሩ ከገባ ለቅቋል ማለት ነው። የለቀቀውን ነቅለው፣ ቦታውን ጤናማው እስኪገኝ ፍቀው፣ ጥጉን በወፈረ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ሞልተው ካጎበጡ በኋላ፣ በሁለቱም ገጽ በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ደራርበው ይሰሩት። ጥጉ ካልጎበጠ ጨርቁ አይተኛም፤ ሥሩ አየር ይቀራል።

የብረት ሰሌዳዎቹንም ፈትተው ሳያወጡ ደህና ናቸው አይበሉ። አይዝጌ ብረት አየር በማያገኝበት እርጥብ ስንጥቅ ውስጥ ይበላል፤ ከላይ የሚያብለጨልጨው ሰሌዳ የጀልባውን የላይኛ ወለል ሰንጥቆ ባለፈበት በኩል ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ የምሰሶው የሽቦ ገመድ ስንት ዓመት ያገለግላል?

መልስ፦ የተለመደው ምክር ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየር የሚል ነው። ዕድሜው ካልታወቀ እንዳለፈበት ይቁጠሩት። አንድ የተበጠሰ ክር ካዩ ግን ዓመት መቁጠር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ላይ መንገደኛ የማመላልስባት የሞተር ጀልባ የፊት ወለሏ ሲረገጥ ይረግባል። ጎንደር ያሉ የመኪና ቦዲ ሠራተኞች ፖሊስተር ሬዚን ደርበው ሊያስተካክሉልኝ ይችላሉ?

መልስ፦ እጃቸው ሥራውን ይችላል፤ ከላይ መደረብ ግን በሽታውን መሸፈን ነው። እንዲህ ያለው ወለል በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል ቀላል እንጨት የተቀበረበት ነው፤ በቡሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ እንጨቱን ሲያበሰብሰው ሁለቱ ንብርብሮች መደጋገፋቸውን ያቆማሉ። ወለሉን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሰጠውን ቦታ በጠመኔ ያክብቡት። የላይኛውን ንብርብር ቆርጠው ያንሡ፤ የበሰበሰውን አውጥተው ያድርቁ፤ አዲሱን እንጨት በኢፖክሲ ያጣብቁና ክዳኑን ይመልሱ። መጋጠሚያውን ከውፍረቱ 12 እጥፍ በሚደርስ ስፋት ወደ ጠርዙ እያሳሱ ይፍቁ፤ 5 ሚሊ ሜትር ለወፈረ ንብርብር 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ውስጥ በቀዳዳ ኢፖክሲ መርፌ መውጋት የሚባለውን አቋራጭ ግን አላምንበትም።

ፖሊስተር በደረቀ አሮጌ ፖሊስተር ላይ የሚይዘው በደካማው ነው፤ ለጥገና ኢፖክሲ ይሻላል። የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ኢፖክሲው ቶሎ አይደርቅም፤ በማግሥቱ በላዩ የሚታየውን የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን አሴቶን አይጠርገውም፤ በንጹሕ ውሃ አጥበው ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁት። ቡሎን የሚገባበትን ቀዳዳ አስፍተው በኢፖክሲ ሞልተው መልሰው ይብሱት፤ አለዚያ ውሃው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ የጀልባዋን ፊት ደጋግሞ ስለሚደበድብ ጥገናውን ለሌላ ጊዜ አያሳድሩት።

ጥያቄ፦ አካሉ ከተጠናከረ በኋላ ለበርና ለመስኮት ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል የሚካሄደውን የፋስትኔት የባለ ሸራ ጀልባዎች ውድድር ማዕበል ሲመታው 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል፤ መርከበኞቻቸው ጥለዋቸው ከወጡ 24 ጀልባዎች ግን የሰጠሙት 5 ብቻ ነበሩ። በአንዳንዶቹ ላይ ወደ ውስጥ የሚያወርደው የደረጃ በር የሚዘጋባቸው ሳንቃዎች ወልቀው ውሃ በዚያ ገብቷል። ስለዚህ ሳንቃዎቹ ጀልባው ቢገለበጥም እንዳይወልቁ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት መቀርቀሪያ ያበጁላቸው፤ ባትሪዎቹንም በቡሎን ያሰሩ።