የጨቅላውን ደም ስር ለነገም አስቢለት

እህቴ፣ 1,300 ግራም የሚመዝን ልጅ ይዘሻል። ለሜኒንጃይቲስ (ማጅራት ገትር) የ21 ቀን መድኃኒት ታዞለታል፤ ካኑላው፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚሰጥበት ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቆይም። ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማደርገውን ልንገርሽ።

መርፌ ከማንሳትሽ በፊት ሁለቱንም እጅ፣ ሁለቱንም እግር፣ ጭንቅላቱንም እይ። በ10ኛው ቀን ምን እንደሚተርፍሽ አስቢ። እኔ ከእጅ ጀርባ እጀምርና ወደ ላይ እሄዳለሁ። ከላይ ጀምረሽ ከተበላሸ የታችኛውም አብሮ ይባክናል። ልጁ የቱን እጅ አፉ ውስጥ እንደሚከት እናቱን ጠይቂያት፤ ያንን ተይለት።

የክርን መታጠፊያን አትንኪ። ደም ስሩ ወፍራም ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ልጁ እጁን ባጠፈ ቁጥር ካኑላው ይንቀሳቀሳል፣ ቶሎ ያብጣል። ፒክ ላይን (ብዙ ቀን የሚቆይ ረጅም ቀጭን የደም ስር ቱቦ) የሚያስገባ ሰው ካላችሁ ደግሞ የሚፈልገው ያንን ቦታ ነው። 21 ቀን ለታዘዘለት ልጅ የፒክ ላይን ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን መወራት አለበት።

የኔ ባለውለታ ሰፌነስ የምትባለው የእግር ደም ስር ናት። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ትገኛለች። ባትታይም ቦታዋን አትለቅም። ለክፉ ቀን አስቀምጫት ነው የምሠራው።

ጭንቅላት ላይ መጀመሪያ በጣትሽ ዳብሺ። ትርታ ካለው አርተሪ (ደም ከልብ የሚያመጣ ቧንቧ) ነው፤ ተይው። ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ስትገፊ ቆዳው ከነጣም ቶሎ አውጪ። እናትየው አንጎሉ የተወጋ መስሏት ትደነግጣለች፤ ቀድመሽ አስረጂያት።

አንድ ነገር እስካሁን ያመኛል። በሁለተኛ ዓመቴ፣ የአንድ ልጅ እግር ላይ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባል መድኃኒት ከደም ስሩ ውጭ ፈሶ ቆዳው ጠቆረ። በፕላስተር ተጠቅልሎ ስለነበር እብጠቱን ማናችንም አላየነውም። ከዚያ ወዲህ የካኑላው ጫፍ ያለበትን ቆዳ አልሸፍንም፤ በየሰዓቱ አየዋለሁ። ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ግሉኮስም በእጅና በእግር ካኑላ አልሰጥም።

ሁለቴ ሞክረሽ ካልገባ ለሌላ ሰው ስጪ። ልጁም ይደክማል፣ ደም ስሩም ያልቃል።

ጠዋት ራውንድ ላይ ደግሞ ሐኪሙን ጠይቂ፦ ወተቱን በቱቦ በደንብ እየወሰደ ከሆነ በደም ስር የሚሰጠው ግሉኮስ ለምን ይቀጥላል? ካኑላውን በሳላይን አጥበሽ ዘግተሽ ለመድኃኒቱ ሰዓት ብቻ ብትከፍቺው ይሻላል።