ጥያቄና መልስ፦ ፕሌይስቴሽን በደሴ ብርድ ለምን ይግላል?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። አራት ፕሌይስቴሽን 4 አሉኝ። እንዳይሰረቁና ልጆች እንዳይነካኳቸው እያንዳንዱን በጣውላ ሣጥን ቆልፌ ነው የማሠራቸው። ከተከፈቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፋናቸው ይጮኻል፤ ቆይቶም በጣም ሞቋል የሚል ጽሑፍ ያመጡና ይጠፋሉ። ደሴ እንኳን ማሽን ሰውም የማይሞቅባት ከተማ ናት። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ችግሩ ሣጥኑ ነው። ወፍራሙ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከባድ ጌም ሲጫወቱበት 150 ዋት ገደማ ይበላል። የበላው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተዘጋ ጣውላ ውስጥ 150 ዋት እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ጣውላ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ፋኑ ከኋላ ያስወጣውን ትኩስ አየር መልሶ በጎን ይስበዋል፣ አሙቆ ያስወጣዋል፣ እንደገና ይስበዋል። አምራቹ ለማሽኑ ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ይህም የሚለካው ማሽኑ በሚስበው አየር እንጂ በከተማው አየር አይደለም። ውጭ 15 ዲግሪ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ከ40 ማለፍ ይችላል።

ስለ ደሴ ብርድ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው ሊትር ያው ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው፣ እሱም ቀንሷል። ስለዚህ ጠረፍ ላይ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ 20 ዲግሪ የሚጨምር አየር ደሴ ላይ 25 ያህል ይጨምራል። የደሴ ብርድ ይህን ያካክሳል፤ የሚያካክሰው ግን ቀዝቃዛው አየር መግቢያ፣ ትኩሱም መውጫ ሲያገኝ ነው።

ሣጥኑን አይጣሉት። የኋላውን ጣውላ ሙሉ በሙሉ ነቅለው በብረት ፍርግርግ ይተኩት። ማሽኑ አየር የሚስበው በጎንና በፊት ባሉት ስንጥቆች ስለሆነ በግራና በቀኝ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ በጎን ጣውላዎቹም ላይ ዝቅ አድርገው ቀዳዳዎች ይብሱ። ፍርግርጉና ግድግዳው መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ይኑር። አራቱን በመደዳ ሲደረድሩ የአንዱ ትንፋሽ በሌላው መሳቢያ እንዳይገባ ሁሉም ጀርባቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩ። ኋላውን መክፈት ካልተቻለ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን በሣጥኑ የላይኛው ኋላ ላይ ያስሩ፤ ወደ ውጭ ይንፋ እንጂ ወደ ውስጥ አይንፋ።

ቀጥሎ አቧራው አለ። ጌም ቤቱ ውስጥ ቡና የሚቆላና ዕጣን የሚጨስ ከሆነ ጭሱ በማቀዝቀዣ ክንፎቹ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ አቧራው በዚያ ላይ ይጣበቅና ክንፎቹን ይደፍናል። ከውጭ መወልወል እዚያ አይደርስም። እንደ እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ማሽን በየ3 ወሩ፣ የቤት ማሽን በዓመት አንዴ መጽዳት አለበት። ሶኬቱን ነቅለው ከኋላ ያሉትን 4 ብሎኖች መሃሉ ቀዳዳ ባለው ባለኮከብ ካቻቢቴ፣ ቲ 8 ወይም ቲ 9፣ ይፍቱና የታችኛውን ክዳን ያንሱ። ፋኑ ወዲያው ይታያል፤ ክንፎቹ ግን የፓወር ሰፕላዩ (የሶኬቱን መብራት ለማሽኑ በሚመጥን ቮልት የሚቀይረው ክፍል) ሣጥን ካልተነሣ አይታዩም። ፋኑን በጣት ይዘው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ሳይዙት አየር ከነፉበት ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል፤ እየዞረም ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ብዙዎች ማሽኑን ይዘው ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳሉ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውሃና ዘይት ቀላቅሎ ይተፋል፤ ግፊቱም ለመኪና ጎማ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ሌላ አማራጭ ከሌለ የታንኩ ውሃ መጀመሪያ ይፍሰስ፣ ግፊቱ ይቀነስ፣ አፉም ከማሽኑ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የልጄ ፕሌይስቴሽን በዚያው ቀረ። አይበራም፣ ድምፅም የለውም። ያየው ሰው በሙቀት ተቃጥሏል፣ ቦርዱን በትኩስ አየር እንሥራው ይላል። እባካችሁ አብሽሪ በሉኝ።

መልስ፦ አብሽሪ፤ ከነገሩን ምልክት የሙቀት ጉዳት አይመስልም። በሙቀት የተጎዳ ማሽን ብዙ ጊዜ ይበራል፣ መብራቱ ይርገበገባል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፈጽሞ ዝም ያለ፣ ያውም መብራት በመጣበት ቅጽበት የሞተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ነው የተመታው። ቦርዱን ማንም ከመንካቱ በፊት በሌላ ገመድና በሌላ ሶኬት ይሞከር። ካልሆነ ባለሙያው ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ይለካ፤ ዋናው መውጫ 12 ቮልት ነው። ፊውዙ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ያቃጠለው ምክንያት ሳይገኝ በሽቦ ማያያዝ ለቤቱም አደጋ ነው። ቅያሪ ሲገዛ በላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ ይመሳከር፤ ባለ 4 እና ባለ 5 ሹል አሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እርስዎ ግን የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን አይክፈቱት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 220 ቮልቱ ወደ 310 የሚጠጋ ቀጥታ ቮልት ሆኖ የሚጠራቀምበት ነው፤ ሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ለወደፊቱ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል፤ ከመጣ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይሰካ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ሲሰካ የቤቱ ቮልት ይወርዳል፣ ሲነቀል ይዘላል። ቮልት ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ ከረንት ይስባልና ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ምጣዱ ባለበት ሰዓት ጌሙ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ስታብላይዘር (ቮልቱን የሚያስተካክል መሣሪያ) ሲገዙ ለቴሌቪዥኑና ለጌሙ 1,000 ቪኤ፣ መብራት ከመጣ በኋላ ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ይምረጡ። ስታብላይዘር ግን መጥፋትን አይከላከልም። ጌሙ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ለዚያ አቅም ከፈቀደ ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ነው መፍትሔው፤ አጥፍቶ ለመነሣት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ወልዲያ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። መብራቱ ሰማያዊ የሚርገበገብና የሚጠፋ ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣልኝ ቺፑን በትኩስ አየር አሞቀዋለሁ። ይነሣል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይመለሳል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ማሞቁ በቺፑ ብየዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አያድነውም። ቺፑ የተሠራበት ሲሊከን በሙቀት የሚለጠጠው ጥቂት ነው፤ ቦርዱ አምስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ብየዳ ይጎተታል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ብየዳውን የሚሰነጥቀው በአንድ ሙቀት ላይ መቆየቱ ሳይሆን ይህ መመላለስ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋኑ ወዲያው ይቆማል፣ በክንፎቹ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ቺፑ ላይ ይቀራል፤ በየቀኑ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ማሽኑ ያለ ዕድሜው የሚያረጀው በዚህም ጭምር ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስቦክስ 360 በዚህ ነው የሚታወቀው። ቀይ ክብ መብራቱ እየበዛ ሲሄድ ማይክሮሶፍት በጁላይ 2007 እ.ኤ.አ. ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለጥገና መደበ። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በቺፑና በቦርዱ መካከል ያለው ትልቁ የብየዳ ኳስ ሳይሆን በሲሊከኑና በቺፑ የራሱ መቀመጫ መካከል ያለው ጥቃቅን ነጥብ ነው። እዚያ ትኩስ አየርም ሆነ ኳስ መቀየር አይደርስም፤ ቺፑን በደህና ቺፕ መተካት ብቻ ነው የሚያዛልቀው። ሊድ የሌለበት የዘመኑ ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ገደማ፣ ሊድ ያለው 183 ላይ ነው። ያለ ታችኛ ማሞቂያ በእጅ ሲነፉበት ቦርዱ ይጣመማል፤ ሌሎች ደህና ነጥቦችም አብረው ይለቃሉ።

ከማሞቅዎ በፊት ግን ይመርምሩ። ሀርድ ዲስኩን አውጥተው ያብሩት፤ ምስል ከመጣ ጥፋቱ ዲስኩ ነው። መብራቱ ነጭ ሆኖ ምስል ብቻ ከሌለ የኤችዲኤምአይ ሶኬቱን በማጉያ ይዩት፣ ሹሎቹ ታጥፈው ይሆናል። በቀይ መብራት የሚጠፋ ከሆነ እሱ በእርግጥ ሙቀት ነው፤ ክንፎቹን ያጽዱ፣ ፔስቱን (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ሙቀት የሚያሳልፈውን ቅባት) ይቀይሩ። የደረቀውን ፔስት 90 ከመቶና በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያስለቅቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ስላለበት አይሆንም፣ አረቄም እንደዚሁ። አዲሱ ፔስት የምስር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃዋል። ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ይተኩ፤ ወፍራም ከሆኑ ማቀዝቀዣው ከዋናው ቺፕ ጋር አይገጥምም፣ ማሽኑም ከበፊቱ የባሰ ይግላል። ማሰሪያ ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ባቲ ሙቀት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 አለኝ። እርጥብ ፎጣ ላዩ ላይ ማድረግ ይጠቅማል? ፔስቱንስ ላስቀይረው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ፎጣው የአየር ቀዳዳ ይዘጋል፤ ውሃውም ይንጠባጠባል። ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ ያለው ተራ ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል። ጠብታው ቦርዱ ላይ ካረፈ ማሽኑ አለቀለት። ክፍልዎ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ጨዋታውን ወደ ማታ ያድርጉት፣ ቀን ከሆነም መስኮት ከፍተው ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት። የጎን ሽፋኖቹ ያለ ካቻቢቴ በእጅ ይወጣሉ፤ ከሥራቸው አቧራ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ በየ2 ወሩ አቧራ በሚስብ ማሽን በቀስታ ይሳቡዋቸው።