ያመለጠ ድል፦ ስለ ቼስ ኤንድጌም የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ስንለማመድ አንድ ልጅ ሊያሸንፈው የደረሰውን ጨዋታ አቻ ወጣ። ሌሎቹ ሄደው እሱ ቦርዱ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። ይህን ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉም ስለ ኤንድጌም ነው፤ ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ስለሚቀሩበት የጨዋታው መጨረሻ። የምችለውን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «55ኛው ላይ»፣ «በ80» ስል ስንተኛው እርምጃ እንደሆነ መናገሬ ነው፤ ኤፍ7 የመሰለው ደግሞ የቦርዱ ቤት ስም ነው።

ጋሼ፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የሚጫወቱትም እንዲህ ያበላሻሉ? (ሞጣ)

እንዴታ! በ1978 ፊሊፒንስ፣ ባጊዮ ላይ ኮርችኖይና ካርፖቭ ለዓለም ዋንጫ ተገናኙ። በ5ኛው ጨዋታ ኮርችኖይ 55ኛው ላይ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) ኤፍ7 አድርጎ ቼክ ቢል፣ ማለትም ንጉሡን ቢያጠቃ፣ ተከታትሎ ሜት ያደርገው ነበር፤ ንጉሡ ማምለጫ ያጣ ነበር። ሰዓቱ እያለቀበት ስለነበር ኢ4 ላይ ቼክ አለ። ጨዋታው እስከ 124ኛው ተጓዘ። በመጨረሻ ኮርችኖይ አንድ ቢሾፕ ትርፍ ይዞ እንኳ ማሸነፍ አልቻለም። ወታደሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ንግሥት የሚሆንበት ኤ8 ነጭ ነው፤ የቀረው ቢሾፕ ደግሞ የሚሄደው በጥቁር ብቻ ነው። ስቴልሜት ሆኖ አለቀ፤ ባለተራው ቼክ ሳይባል የሚያንቀሳቅሰው ሲያጣ የሚመጣው አቻ ነው። ይህችን ነገር ያዝልኝ፦ የጠርዝ ወታደር ካለህ፣ ቢሾፕህ መንገሻውን ቤት የሚነካ መሆኑን ሳታይ ሌላውን ሁሉ አትለዋወጥ።

ካሩዋና በ2018 ካርልሰንን ማሸነፍ ይችል ነበር የሚባለው እውነት ነው? (ባሕር ዳር)

ኮምፒውተሩን ከጠየቅነው፣ አዎ። ለንደን፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ 6ኛው ጨዋታ። ካሩዋና ጥቁር ነው፤ ብልጫውም የእሱ ነው። 68ኛው ላይ ቢሾፑን ኤች4 ቢያስቀምጥ ያሸንፍ ነበር። ግን ተከትሎ የሚመጣውን ተመልከት፦ ፈረሱ ጂ1 ገብቶ ራሱን መውጫ ማሳጣት አለበት! የትኛው አሰልጣኝ ነው ፈረስህን ማዕዘን ውስጥ ቅበረው ብሎ የሚያስተምር? ጨዋታው በ80 አቻ ሆነ።

እኛ አገር ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ሰሙን ስታየው ጅልነት ነው፤ ወርቁ ከሥር ተቀብሯል። ዋሸራ የተቀመጠ ተማሪ እንኳ ወርቁን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ካሩዋና ግን ከስንት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው ያንን የሚፈልገው። ስለዚህ እኔ ይህን «ያመለጠ ድል» አልለውም። ያመለጠ የሚባለው ሰው ሊያገኘው የሚችለው ነው። የኮርችኖይ ሜት አምልጧል። የካሩዋናውን ያየው ማሽን ነው። የራስህን ጨዋታ ስትመረምርም ይህን ለይ። ማሽኑ «አሸናፊ ነበርክ» ባለህ ቁጥር ራስህን አትውቀስ።

ካርልሰንስ? እሱ ኤንድጌም ላይ አይሳሳትም ይባላል። (ፍኖተ ሰላም)

ይሳሳታል። በ2016 ኒው ዮርክ፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ከካርያኪን ጋር 3ኛውንም 4ኛውንም ጨዋታ ማሸነፍ የሚችልበት ቦታ ደርሶ በ78 እና በ94 አቻ ወጣ። በ4ኛው ጥቁር ነበር። 45ኛው ላይ ወታደሩን ኤፍ4 ገፋና ቦርዱ ተዘጋ። ካርያኪን ምሽጉ ውስጥ ተቀመጠ፤ መግቢያ የለም። ብልጫ ስትይዝ በር አትዝጋ። ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም።

የ11 ዓመት ልጄ አሸንፎ የነበረውን ከተሸነፈ እራት አይበላም። ምን ልበለው? (አባት፣ ቡሬ)

ወንድሜ፣ እህሉ ታጭዶ አውድማ ከደረሰ በኋላ ዝናብ ሲመታው የሚሰማውን እርስዎ ያውቁታል። ልጁም ላይ የደረሰው ያ ነው። ስለዚህ «ጨዋታ ነው፣ ተወው» አይበሉት። ማታውን ስለ ጨዋታው ባያነሡበት ይሻላል። በማግስቱ ያሸንፍ የነበረበትን ቦታ ቦርዱ ላይ ይደርድር፤ እርስዎ ተጋጣሚ ሆነው ይቀመጡ። ቼስ ብዙ ባይችሉም ግድ የለም። ሦስት አራት ጊዜ ካሸነፈው ነገሩ ይወጣለታል። እኔ ልጆቹን ሁሉ እንዲህ ነው የማደርገው።

ቢሾፕና ፈረስ ይዤ ሜት ማድረግ አቃተኝ፤ 50 ሞላብኝ። አፈርኩ። (እንጅባራ)

እህቴ፣ አትፈሪ። በ2013 ጄኔቫ ላይ አና ኡሼኒና የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን እያለች ኦልጋ ጊርያ ላይ ይኸው ገጠማት። ወታደር ሳይነካ፣ ጠጠር ሳይበላ ሁለቱም 50 ጊዜ ከተጫወቱ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ዘዴው ንጉሡን ቢሾፕሽ ከሚሄድበት ቀለም ጋር አንድ ወደሆነው ማዕዘን መንዳት ነው። በሌላው ማዕዘን በግድ ሜት ማድረግ አትችዪም። ሊቼስ የሚባለው የቼስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ መለማመድ ትችያለሽ።

ድካም ነው ወይስ አለማወቅ? (ዳንግላ)

ሁለቱም፣ ግን ድካምን እንንቀዋለን። በ2021 ዱባይ፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ካርልሰንና ኔፖምኒያሺ 6ኛውን ጨዋታ 136 ድረስ ተጫወቱ፤ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ነው። ሁለቱም በመሃል ዕድል አምልጧቸዋል። መጨረሻ ላይ ኔፖ በንግሥት ብቻ ሩክ (በቀጥታ የሚሄደውን ጠጠር)፣ ፈረስና ሁለት ወታደር ይከላከል ነበር። እስከ 130ኛው አቻ ነው። እዚያ ላይ ንግሥቱን ኢ6 ወሰዳት፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ። ውድድር ካለህ በደንብ ተኛ፣ ብላ፣ ውኃ ያዝ። ይህንን ችላ አትበሉ።

አንተስ? (ደብረ ማርቆስ)

አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባሕር ዳር፣ የሩክ ኤንድጌም። ወታደሬ ቢ7፣ ንጉሤ ፊቱ ቢ8 ላይ ነው። የተጋጣሚዬ ንጉሥ ዲ7፣ ሩኩ ኤ2 ላይ። በዲ1 ቼክ ብዬ ንጉሡን ወደ ኢ7 አራቅሁት። እዚህ ድረስ ልክ ነኝ። ከዚያ ቸኮልኩ፤ ንጉሤን አወጣሁ። የቼክ መዓት ወረደብኝ። መደበቂያ አጥቼ አቻ ወጣሁ። አስቀድሜ ሩኬን ዲ4 ላይ ማቆም ነበረብኝ። ያኔ ንጉሤ በቼክ እየተባረረ እስከ ቢ5 ይወርዳል፤ ሩኬ ቢ4 ገብቶ ይጋርደዋል። ድልድይ መሥራት ይሉታል። የጠጠሮቹ አቀማመጥ የሉሴና ቦታ ይባላል። የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ በእጄ ግን ሠርቼው አላውቅም።

በአያቶቻችን ሰንጠረዥስ እንዲህ ያለ ነገር ነበር? (አዛውንት፣ ብቸና)

አባቴ፣ ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ። በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼስ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ አለ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በንግሥቷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሚቀረው ኃይል ከዛሬው ያነሰ ነው፤ ማሸነፊያው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲጫወቱ ያዩትን የሚያስታውሱ ከሆነ እባክዎ ለልጅ ነግረው ያስጽፉልኝ። አሮጌ ቦርድ ቤት ውስጥ ካለም ፎቶውን ይላኩልኝ፤ ልጆቹ ቢያዩት እወዳለሁ።