መልስ፦ እናትህን በታብሌት ስለ ቤት ውስጥ አደጋ ማስተማር

"እናቴን ስለ ቤት ውስጥ አደጋ በታብሌት መተግበሪያ ላስተምራት ወይስ ቪዲዮ ይበቃታል?" ላልከው፣ እኔ መተግበሪያውን እመርጣለሁ። ቪዲዮውን አይተው "እሺ ልጄ" ብለው ያልፉታል። አደጋውን ራሳቸው ፈልገው በጣት ሲነኩ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጠርዙ የተገለበጠ ምንጣፍ፣ መተላለፊያ ላይ የተዘረጋ ገመድ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው ጨለማ።

እንዲያውም መተግበሪያው ላይ ከተዘጋጀው አደጋ የመፈለግ ጨዋታ ይልቅ የራሳቸውን ክፍል ፎቶ አንሳና ስክሪኑ ላይ አደጋ የሚሉትን እሳቸው ይክበቡ። የከበቡትን እዚያው ተነስታችሁ አስተካክሉ፣ አለዚያ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከመውደቅ ጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ገደማ ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ቃጠሎም አለ፦ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ የውሃ ማሞቂያውን ወደ 49 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት።

ፊደሉን አተልቀው፣ ድምፁን ጨምረው። ሰዓት የሚቆጥር ጨዋታ አትምረጥ፤ መቻኮል ያስደነግጣቸዋል። ሲሳሳቱም ታብሌቱን ከእጃቸው አትቀበል (ይህን ሁላችንም እናደርጋለን!)። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር (ዓይን ላይ ተደርጎ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) ካሰብክ፣ ሊያዞር ስለሚችል ቁጭ ብለው ብቻ ይሞክሩት።