መልስ፦ ደረጃው ኤፍ የሆነ ቤት ማከራየት ይቻላል ወይ?
ወንድሜ፣ ለንደን የተከራየኸው ቤት የኃይል ቁጠባ ደረጃው (ከኤ እስከ ጂ ነው፣ ኤ ምርጡ፣ ጂ የመጨረሻው) ኤፍ ሆኖ አከራዩ «ችግር የለውም» አለኝ ብለሃል። ችግርማ አለው! እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከኤፕሪል 2020 ወዲህ፣ አከራዩ ከግዴታው ነፃ የሚያደርገውን ምክንያት ካላስመዘገበ በቀር፣ ከኢ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ማከራየት ክልክል ነው። እንደ እህትህ ሱቅ ያለ የሚከራይ የንግድ ቤትም ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ለመኖሪያ ቤት ማሻሻያ አከራዩ ከኪሱ እስከ 3,500 ፓውንድ እንዲያወጣ ይጠበቅበታል፤ አልቻልኩም ማለት ብቻ አይበቃም። የቤቱ ደረጃ የተጻፈበትን ሰርተፊኬት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በፖስት ኮድህ በነፃ ታየዋለህ፣ ምን መሻሻል እንዳለበትም ይዘረዝርልሃል። እኔ ይሄን ያወቅኩት በብርዱ ወራት ልጆቼ ጃኬት ለብሰው ሲተኙ ነው፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ዝም አትበል። መጀመሪያ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቀው፣ እምቢ ካለ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) አመልክት።