የማክሰኞውን ለማክሰኞ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴ ውስጥ በአንድ ባንክ ገንዘብ ስቆጥር ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ሒሳቡ ሲዘጋ 400 ብር ጎደለ። በማግስቱ የአጻጻፍ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን መቁጠሬን አላቆምኩም። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጣቶቼ ይቆጥራሉ። ገና ያልመጣውን ደንበኛ፣ ገና ያልጎደለውን ብር እቆጥራለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ለቡና ሲጠሩኝ ፊቴን አይተው «አብሽር ልጄ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ሙስሊም ናቸው፤ ያችን «አብሽር» እንደ ምርቃት ነበር የምቀበላት።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ስሄድ ስለ እምነቴ ማነስ እገሠጻለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እራት በልተሃል?» የሚል ሆነ። አልበላሁም። ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን የለመነውን ኤልያስን አነሡልኝ። መልአኩ አልተቆጣውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ፤ ቀስቅሶ እንደገና አበላው።

ከዚያ ዳዊት እንድደግም አዘዙኝ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ የየቀኑ ድርሻ እኩል ባይሆንም እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150 ይሞላል። እኔ ጥድፊያ አመሌ ነውና የማክሰኞውንም ሰኞ ደገምኩት። ስነግራቸው ሳቁ፤ «የማክሰኞውን ማን ጠየቀህ?»

ይህ ለገንዘብ ቆጣሪ የሚገባ ቋንቋ ነው። የነገን ሒሳብ ዛሬ የሚዘጋ ባንክ የለም። ደግሞም የኛ ካዝና የሚዘጋው በሁለት ቁልፍ ነበር፤ አንዱ በእኔ፣ ሌላው በአለቃዬ እጅ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ሁለቱንም የያዝኩ ስለ መሰለኝ ነው። «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም፣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጭንቀቱ በአንድ ሌሊት አልለቀቀኝም። መጨነቅ ኃጢአት ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያምስ ያያችሁ ልጆች ልባችሁ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ እኔ ሁለቱንም ወስጃለሁ።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት ጣቶቼ ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ተነሥቼ መብራት አበራለሁ፤ ቁራሽ ካለ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ዳዊቴን እገልጣለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከ81 እስከ 110። መካከል ላይ 93ኛው አለ፤ በልቡ መከራ ብዛት ልክ የተጽናና ሰው የዘመረው። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ባለቤቴ ከእንቅልፏ ትነቃለች፤ ትቆጣኛለችም።