እናቴን ከዳላስ ወደ ሜሪላንድ ሳመጣት

እህቴ፣ «እናቴን ከጆርጂያ ወደ ሜሪላንድ ላመጣቸው ነው፤ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ለማግኘት መጀመሪያ 6 ወር መኖር አለባቸው ተባልኩ» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ውሸት ነው። እኔም እናቴን ዳላስ ከወንድሜ ቤት ሳመጣት አንዲት ሠራተኛ ይህንኑ ነገረችኝና አምኜ 2 ወር ሙሉ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በፌዴራል ሕግ ለሜዲኬይድ የቀን ቆጠራ የለም። እዚህ እየኖሩ ከሆነና እዚሁ ለመቅረት ካሰቡ፣ በገቡ ማግስት ማመልከት ትችያለሽ። አይሆንም ካሉሽ «ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው፤ በጽሑፍ ከሆነ ይግባኝ ይባልበታል። እኔ ይህቺን ቃል ስናገር ነው ሌላ ሰው ጠርተው ማመልከቻዬን የተቀበሉኝ።

ሜዲኬይድ ግን ከስቴት ወደ ስቴት አይዛወርም። የጆርጂያውን ታዘጊያለሽ፣ እዚህ እንደ አዲስ ታመለክቻለሽ። ፉድ ስታምፕም እንደዚሁ ነው። እናቴ ዳላስ የነበራት የሆም ኬር (ቤት መጥቶ የሚረዳት ሰው) ሰዓት አብሯት አልመጣም፤ ገምጋሚዎች እንደገና ቤት ድረስ መጥተው «ብቻሽን ትታጠቢያለሽ?» ብለው ጠየቋት። እሷ ደግሞ ኩራቷ አይፈቅድላትምና «አዎ፣ ምን ሆኜ!» አለች። በዚያን ቀን እናትሽ አጠገብ ሁኚ።

ዋናው ራስ ምታት ሌላ ነው፦ ስማቸው ያለበት ወረቀት። ቤቱ በእኔ ስም፣ መብራቱ በባለቤቴ ስም፤ የእናቴ ስም ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ብቻ ነበር። ኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመንጃ ፈቃድና የመታወቂያ ቢሮ) ደግሞ ለሪል አይዲ፣ ማለትም የፌዴራል መስፈርት ለሚያሟላው መታወቂያ፣ 2 የአድራሻ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲ አድራሻቸውን ቀይሪ፣ ከዚያ አዲሱ አድራሻ ያለበትን የጥቅማ ጥቅም ደብዳቤ ጠይቂ። የባንክ አድራሻቸውንም ቀይሪና ስቴትመንቱ በፖስታ ወደ ቤትሽ ይምጣ። እነዚህ ከመጡ ሌላው ይከተላል።

የኛን ሰው በተለይ የሚገጥመው ነገርም አለ። «ልጇ ከሆንሽ ላስት ኔማችሁ ለምን ይለያያል?» ተባልኩ። እሷ የአባቷን፣ እኔ የአባቴን ስም እንደምንይዝ መስኮት ላይ ቆሜ ሳስረዳ ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። በዚያ ላይ አያቴ ስማቸው «ገብረ» ብሎ ይጀምራል፤ በዜግነት ወረቀቷ ተጋጥሞ፣ በሶሻል ካርዷ ተለያይቶ ተጽፏል። ከመምጣታቸው በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገሽ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ፓወር ኦፍ አተርኒም (የውክልና ወረቀት) አእምሯቸው ደህና ሳለ አስፈርሚ። እኔ ካስፈረምኩ በኋላ ስለ ስም የጠየቀኝ የለም።

ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የጤና መድን) የፌዴራል ስለሆነ አብሯቸው ይመጣል። አድቫንቴጅ ፕላን (ሜዲኬርን በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጥ) ካላቸው ግን እሱ በአካባቢ የተወሰነ ነው። ከገቡበት ወር በኋላ ያሉት 2 ወራት ሳያልፉ አዲስ ይምረጡ። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚከፈል ድጎማ) ካላቸውም ካንቺ ጋር መኖራቸውን ንገሪ፤ የቤት ኪራይና ወጪ ድርሻቸውን ካልከፈሉ እስከ ሲሶው ሊቀነስባቸው ይችላል። እኛ በወረቀት ተፈራርመን በየወሩ ትከፍለኛለች። መጀመሪያ «ከልጄ ልከራይ?» ብላ ተቀይማኝ ነበር።

ወንድምሽ ጋ ግማሹን፣ አንቺ ጋ ግማሹን ዓመት ይኖራሉ ካልሽ ግን አንዱን ስቴት ምረጡ። ሜዲኬይድ ከሁለቱም ስቴት መቀበል አይቻልም።

መድኃኒታቸውን ከመነሳታቸው በፊት አስሞሊ። የእናቴ የግፊት ክኒን ሲያልቅ እዚህ ገና ሐኪም አልነበራትምና የሚጽፍላት አጥተን አርጀንት ኬር ደጅ ጠናን።

ለመሆኑ እናትሽ ዜጋ ናቸው ወይስ ግሪን ካርድ? ግሪን ካርድ ከሆኑ አድራሻቸውን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለባቸው፤ ለዜግነት ለማመልከትም እዚህ 3 ወር መኖር ይጠበቅባቸዋል። ለሜዲኬይድም 5 ዓመት የሚባል ሌላ ጣጣ አለ። ንገሪኝና እሱን ለብቻው እጽፍልሻለሁ።